የዕጢው ክሮሞሶም ምን ይላል? የኒውሮብላስቶማ ሕመም የተገኘባት ልጅ አባት ተሞክሮ

ልጁ ኒውሮብላስቶማ የተባለው የሕፃናት የነርቭ ሴል ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ወላጅ ሐኪሙን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ዕጢው ምን ያህል እንደሚያክል፣ ሁለተኛው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቶ እንደሆነ። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ስለ ልጄ ዕጣ ይበልጥ የነገረን ግን ያልጠየቅሁት ሦስተኛ ነገር፣ ማለትም በዕጢው ሴሎች ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞች ምን ዓይነት ለውጥ እንደደረሰባቸው ነው። የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ ሲሆን፣ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የምሠራ ሠራተኛ እንጂ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። እዚህ የጻፍሁት የልጄን ሐኪሞች ደጋግሜ ጠይቄ የተረዳሁትን፣ ኋላም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ወላጆች ሲጠይቁኝ የማስረዳውን ነው።

ልጃችን ሕመሟ ሲታወቅ 11 ወሯ ነበር። አስቀድሞ ትኩሳቱ መጣ ሄድ ይልባት ነበር፤ ፊቷ ገርጥቶ ጡት መጥባት ቀነሰች፤ ወገቧን ይዘው ሲያነሷት ታለቅስ ነበር። በጤና ጣቢያ የደም ማነስ እንዳለባት ተነግሮን መድኃኒት ተሰጣት። የደም ማነሱ እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። እናቷ ገላዋን ስታጥባት በግራ በኩል ከጎድን አጥንቷ ሥር ጠጣር ነገር በእጇ ዳሰሰችና በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ይዘናት ወረድን። በአልትራሳውንድ ምርመራ ከግራ ኩላሊቷ በላይ ዕጢ ታየ፤ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን።

ኒውሮብላስቶማ የሚነሣው ጽንሱ በማኅፀን ሳለ ሲምፓቴቲክ የተባለውን የነርቭ ሥርዓት ሊሠሩ ከተመደቡ፣ ነገር ግን እድገታቸውን ሳይጨርሱ ከቀሩ ሴሎች ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከኩላሊት አናት ላይ ከምትገኘው፣ አድሬናል ከምትባለው ሆርሞን አመንጪ አካል ሲሆን፣ በአከርካሪ ግራና ቀኝ፣ በደረት፣ በአንገትና በዳሌ ውስጥም ሊነሣ ይችላል። ከአንጎል ውጭ ከሚነሡ የሕፃናት ጠጣር ዕጢዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው እርሱ ነው፤ አብዛኞቹ ሕመምተኞችም ከ5 ዓመት በታች ናቸው። ምልክቱ የሆድ ማበጥ ብቻ አይደለም። በአንዳንድ ልጆች ላይ የዓይን ዙሪያ እንደ ተመታ ሰው ይጠቁራል ወይም ዓይን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሌሎቹ በአጥንት ሕመም ምክንያት ያነክሳሉ ወይም መራመድ ይተዋሉ፤ ዕጢው ኅብለ ሰረሰርን ከተጫነም እግር ይዝላል። ይህ የመጨረሻው ምልክት ቀጠሮ የማይጠበቅበት ድንገተኛ ጉዳይ ነው።

በአዲስ አበባ የተደረጉት ምርመራዎች ብዙ ነበሩ። ሲቲ ስካኑ ዕጢው ውስጥ የካልሲየም ክምችት አሳየ፤ ይህም ሐኪሞቹ በዚያው አካባቢ ከሚነሣው ዊልምስ ከሚባለው የኩላሊት ካንሰር ይልቅ ኒውሮብላስቶማን እንዲጠረጥሩ አደረጋቸው። በሽንቷ ውስጥ ቪ-ኤም-ኤ እና ኤች-ቪ-ኤ የተባሉ፣ የነርቭ ሴሎች የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች ስብርባሪ የሆኑ ውሁዶች ከልክ በላይ ተገኙ። ከዳሌ አጥንቷ መቅኔ ተወስዶ ሲታይ ደግሞ የካንሰሩ ሴሎች እዚያም ደርሰዋል። ይህን ሲነግሩን እኔ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም በአዋቂዎች ካንሰር «ተሰራጭቷል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዘመድ ወዳጅ አይቻለሁ። የሕፃናት ካንሰር ሐኪሟ ግን «የልጅቱ አባት፣ በዚህ ዕድሜ በዚህ በሽታ መሰራጨቱ ብቻውን አይፈርድም፤ የዕጢው ክሮሞሶም ሳይታይ ስለ ዕጣዋ አልነግርዎትም» አሉኝ።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የናሙናውን ነገር ነው። መጀመሪያ የተወሰደው በቀጭን መርፌ የተመጠጠ ጥቂት ሴል ነበር፤ በሽታውን ለመለየት ይረዳል፣ የክሮሞሶም ምርመራ ለማድረግ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ከዕጢው ሰፋ ያለ ቁራጭ ወሰደ፤ ይህም የሆነው ኬሞቴራፒ ከመጀመሩ በፊት ነው። ኬሞ የገባበት ዕጢ በከፊል ስለሚሞት ከዚያ በኋላ የሚወሰድ ናሙና የሚሰጠው መረጃ ይቀንሳል። ቁራጩ በፎርማሊን ከቆየ በኋላ ፓራፊን በተባለ ሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ የላቦራቶሪ ሰዎች «ብሎክ» የሚሉት ይህ ነው። ብሎኩ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ከተማ ወይም አገር አቋርጦም ሊላክ ይችላል። እኛ በነበርንበት ሆስፒታል የክሮሞሶሙ ምርመራ ስላልነበረ ከብሎኩ የተቆረጠው ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሐኪሞቹ የመጀመሪያውን ዙር መድኃኒት ጀመሩላት እንጂ አልጠበቁም። እንግዲህ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከዕጢው ናሙና መውሰድ፣ ሊደረግ የቀጠሮ ቀን የተሰጠው ወላጅ ሁለት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፤ የሚወሰደው ናሙና ለክሮሞሶም ምርመራ ይበቃ እንደሆነ፣ ብሎኩም የት እንደሚቀመጥና በየትኛው ቁጥር እንደተመዘገበ።

ውጤቱን ለመረዳት ስለ ክሮሞሶም ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ጤናማ የሰው ሴል 46 ክሮሞሶሞች አሉት፤ በ23 ጥንድ የተደረደሩ ናቸው፤ ዘረመሎቻችን የተጻፉባቸውም እነርሱ ናቸው። እያንዳንዱ አጭርና ረጅም ክንድ አለው፤ አጭሩ «ፒ»፣ ረጅሙ «ኪው» ይባላል። በኒውሮብላስቶማ ሴሎች ውስጥ የሚታዩት ለውጦች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ የበሽታውን መልክ የሚለየውም ይህ ክፍፍል ነው። ለእናቴ ያስረዳኋት በምታውቀው በብራና ጽሑፍ ነበር። ጸሐፊው መላውን ዳዊት ሁለት ጊዜ መገልበጥ ሲገባው ሦስት ጊዜ ቢገለብጠው ትርፍ መጽሐፍ ይኖራል እንጂ የተበላሸ መጽሐፍ አይኖርም። ከመካከል አንድ ጥራዝ ቢገነጠል፣ ወይም አንዲት ቅጠል መቶ ጊዜ ተደጋግማ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ብትሰፋ ግን ንባቡ ይፋለሳል። በዕጢውም እንደዚሁ ነው፤ ሙሉ ክሮሞሶሞች በቁጥር መብዛታቸው በጥቅሉ የተሻለ ዕጣን ያመለክታል፤ የክሮሞሶም ቁራጭ መጥፋት፣ መጨመር ወይም መባዛት ደግሞ በሽታው ኃይለኛ የመሆኑን ምልክት ይሰጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ኤም-ዋይ-ሲ-ኤን በሚሉ አራት ፊደላት የሚጻፈው፣ ሐኪሞቹ ሲነጋገሩ «ኤን-ሚክ» የሚሉት ዘረመል ነው። ቦታው በ2ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ነው። ጤናማ ሴል የእርሱ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ ከአምስት የኒውሮብላስቶማ ዕጢዎች በአንዱ ገደማ ግን በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች የሚቆጠር ቅጂ ይገኛል። ይህ ዘረመል ሴሎች እንዲባዙ የሚያዝ ስለሆነ ቅጂው ሲበዛ ዕጢው ያለ ልጓም ያድጋል። ሳይንቲስቶች ይህን መባዛት በኒውሮብላስቶማ ሴሎች ውስጥ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከጠና በሽታ ጋር ያለው ዝምድና ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የሕክምናን መንገድ የሚወስን መለያ ሆኖ ቆይቷል። የተሰራጨ በሽታ ያለበት ልጅ ኤን-ሚክ ከተባዛበት፣ ዕድሜው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ በከፍተኛ አደጋ ምድብ ውስጥ ይገባል። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው «ፊሽ» በተባለ ዘዴ ነው፤ በዚህም ዘረመሉ ያለበት ቦታ በሚያበራ ቀለም ተለይቶ በማይክሮስኮፕ ነጠብጣቦቹ ይቆጠራሉ።

ኤን-ሚክ አልተባዛም ማለት ግን ሌላው ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በ1ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ጫፍ ላይ ያለ ቁራጭ መጥፋት ከኤን-ሚክ መባዛት ጋር አብሮ የመታየት ልማድ አለው። የ11ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ መጉደል ግን በተቃራኒው የሚታየው ብዙውን ጊዜ ኤን-ሚክ ባልተባዛባቸው ዕጢዎች ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ነው ብሎ መዘናጋት እንደማይገባ የሚያስጠነቅቀው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከ900 በላይ ዕጢዎችን መርምሮ የወጣ ጥናት እነዚህ ሁለት ጉድለቶች በየራሳቸው ከበሽታው መመለስ ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። የ17ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ መጨመር ደግሞ ከግማሽ በላይ በሆኑት ዕጢዎች ይገኛል፤ እርሱም ወደ ጠንካራው በሽታ የሚያዘነብል ምልክት ነው። ላቦራቶሪው የመረመረው ኤን-ሚክን ብቻ ከሆነ ስለ 11ኛው ክሮሞሶም መጠየቅ የወላጅ መብት ነው፤ እኔ ብጠይቅ ማንም አልተቆጣኝም።

የክሮሞሶሞቹ ጠቅላላ ብዛት ደግሞ ትርጉም የሚኖረው በተለይ በጨቅላ ሕፃናት ላይ ነው። እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ባሉ ልጆች ዕጢው ከ46 ይልቅ ወደ 23 ሦስት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 69 የተጠጋ ክሮሞሶም ካለው ለመድኃኒት የመታዘዝ ዕድሉ የሰፋ ነው። ከፍ ባሉት ልጆች ላይ ይህ ቁጥር ያን ያህል አይረዳም። ዕድሜ በራሱም ከክሮሞሶሙ ጎን የሚቆም መመዘኛ ነው። ከ8,800 የሚበልጡ ሕፃናትን መረጃ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዓለም አቀፍ የአመዳደብ ሥርዓት 18 ወርን ዋና ድንበር አድርጎታል። ስለዚህ የልደት ቀንን በትክክል ማስመዝገብ ቀላል ነገር አይደለም። በገጠራችን «ለጥምቀት ጊዜ ነው የተወለደችው» ብሎ በግምት መናገር የተለመደ ነው፤ የክትባት ካርዷን ይዞ መሄድ ግን ይበልጣል።

በዚህ በሽታ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ አንዳንዱ ዕጢ ያለ ሕክምና በራሱ የሚጠፋ መሆኑ ነው። በተለይ ወደ ጉበት፣ ወደ ቆዳና በጥቂቱ ወደ መቅኔ ብቻ በተሰራጨባቸው ጨቅላዎች፣ ኤን-ሚክ ካልተባዛ፣ ሐኪሞች አንዳንዴ በቅርብ እየተከታተሉ ብቻ ይጠብቃሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የስድስት ወር ሕፃናትን ሽንት በአገር አቀፍ ደረጃ ትመረምር ነበር። በምርመራው ብዙ ዕጢ ተገኘ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ከጀርመንና ከካናዳ የወጡ ጥናቶች እንዲህ ያለው ምርመራ የሟቾችን ቁጥር እንደማይቀንስ አሳዩ። በምርመራው ይያዙ የነበሩት በአብዛኛው በራሳቸው ሊጠፉ የሚችሉት፣ ክሮሞሶማቸው በቁጥር ብቻ የበዛው ዕጢዎች ነበሩ፤ ኃይለኞቹ ግን ዘግይተው፣ ከምርመራው በኋላ ይመጡ ነበር። ጃፓንም ብዙ ሳትቆይ ምርመራውን አቆመች። በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ ሕመሞች ጠባያቸው ምን ያህል እንደሚራራቅ የተረዳሁት ይህን ታሪክ ሐኪሟ በነገሩኝ ጊዜ ነው።

የልጄ ውጤት ሲመጣ ኤን-ሚክ አልተባዛም፤ የ1ኛውና የ11ኛው ክሮሞሶም ክንዶች አልጎደሉም፤ ብዛታቸውም ወደ 69 የተጠጋ ነበር። መቅኔዋ ውስጥ ካንሰር ቢኖርም በመካከለኛ አደጋ ምድብ ተመደበች። በዚያው ክፍል ከእኛ አጠገብ የተኛ ከፍ ያለ ልጅ ዕጢው ከእርሷ ያነሰ ነበር፤ የእርሱ ኤን-ሚክ ግን ተባዝቶ ስለ ነበር ሕክምናው እጅግ የከበደና የረዘመ ሆነ። የዚያን ልጅ ታሪክ መተረክ የወላጆቹ ድርሻ ስለሆነ ከዚህ አልፌ አልሄድም። እርሱን ያነሣሁት በዎርዱ ውስጥ እኛ ወላጆች አንዳችን የሌላውን ልጅ ሆድ እያየን «የእናንተ ይሻላል» መባባላችን ትክክለኛ መለኪያ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው።

ቁጥርም ጠይቄአለሁ፤ የማይጠይቅ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች በዝቅተኛ አደጋ ምድብ ካሉት ልጆች ከ95 በመቶ በላይ፣ በመካከለኛው ከ90 በመቶ የማያንሱት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ፤ በከፍተኛው ምድብ ግን ቁጥሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለከፍተኛው ምድብ የሚሰጠው ሕክምና ጠንካራ ኬሞን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ከልጁ ከራሱ የተወሰደ የስቴም ሴል ንቅለ ተከላን፣ ጨረርንና እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የተፈቀደውን ዲኑቱክሲማብ የተባለ ፀረ-አካል መድኃኒት ያጠቃልላል። ከእነዚህ አንዱ በሌለበት ቦታ ያንኑ ቁጥር እንዳለ ወስዶ ለራስ ልጅ መቁጠር ልክ አይሆንም። ቁጥሩ የብዙ ልጆች አማካይ ነው፤ በመቶኛው ውስጥ የእኔ ልጅ በየትኛው ወገን እንደምትቆም የሚነግረኝ አልነበረም፤ ሐኪሟም ይህን ደብቀውኝ አያውቁም።

ክሮሞሶሙ የሚያገለግለው ዕጣን ለመገመት ብቻ አለመሆኑን ያየሁት በሕክምናው ጊዜ ነው። ካርቦፕላቲን፣ ኢቶፖሳይድ፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ዶክሶሩቢሲን በየሦስት ሳምንቱ እየተፈራረቁ ተሰጧት፤ ዕጢው ሲያንስ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ቀዶ ሐኪሙ ከትልቁ የደም ሥር ጋር የተጣበቀ ጥቂት ቅሪት መተዉን ሲነግረን ባለቤቴ በጣም ደነገጠች። ነገር ግን ክሮሞሶሙ ደኅና በሆነ ዕጢ ላይ የደም ሥርን ወይም ኩላሊትን አደጋ ላይ ጥሎ የመጨረሻውን ቅንጣት ማውጣት እንደማያስፈልግ፣ መድኃኒቱንም ከሚገባው በላይ ማርዘም ጉዳቱ እንደሚያመዝን አስረዱን። ካርቦፕላቲን መስማትን፣ ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊጎዳ ስለሚችል የተቀነሰው እያንዳንዱ ዙር ለልጅቱ የኋላ ዘመን ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰብ ጉዳይ ልመለስ። «የክሮሞሶም ለውጥ» የሚለው ቃል መንዝ ሲደርስ «በዘር የመጣ» ተብሎ ተተረጎመ። አንድ የቅርብ ዘመድ በባለቤቴ ወገን እንዲህ ያለ ነገር ነበረ ወይ ብሎ ሽማግሌ ሲጠይቅ ሰማሁ። በአገራችን ዘር ተቆጥሮ ጋብቻ ስለሚፈጸም ይህ ወሬ እህቶቿን ሁሉ የሚነካ ነው። ስለዚህ ሐኪሟን በቀጥታ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው ግልጽ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፉት ለውጦች የዕጢው ሴሎች እንጂ የልጅቱ ደም ወይም የወላጆቿ አይደሉም፤ ሴሎቹ ሲባዙ የተፈጠሩ ናቸው፤ በእርግዝና ጊዜ በተበላ ወይም በተሠራ ነገርም አልመጡም። በቤተሰብ የሚተላለፈው ኒውሮብላስቶማ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ በአብዛኛው የሚያያዘውም ኤ-ኤል-ኬ ከተባለ ዘረመል ጋር ነው፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በአንድ ቤት ሁለተኛ ሰው ከታመመ ወይም ዕጢው በልጁ ሰውነት በብዙ ቦታ ለየብቻ ከተነሣ የደም ምርመራ ይደረጋል። እኔ ይህን መልስ በዘመድ ጉባኤ ፊት ተናገርሁ፤ ወሬው ወዲያው ባይጠፋም በባለቤቴ ፊት የሚያነሣው ሰው ግን አልተገኘም።

የጠበልን ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እናቴ ልጅቱን ጻድቃኔ ማርያም ልትወስዳት ፈልጋ ነበር፤ እኔም አልተቃወምሁም። ሐኪሟ የጠየቁን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የመድኃኒቱ ቀጠሮ እንዳይታለፍ፣ ነጭ የደም ሴሏ በወረደባቸው ቀናት ደግሞ ብርድና የሰው ግፊያ ካለበት ቦታ እንድትርቅ። እናቴ ሄዳ ጠበሉን በጀሪካን ይዛ መጣች፤ በቤት ውስጥ ለብ አድርገን ረጨናት። መድኃኒቱን አቋርጠው ከወራት በኋላ የሚመለሱ ልጆች ግን በዎርዱ ነበሩ፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው የክሮሞሶም ውጤት ጥሩ መሆኑ ብዙም አይረዳም። ተመልሶ የመጣ ዕጢ ቀድሞ ያልነበረ ለውጥ ሊይዝ ስለሚችል አዲስ ናሙና ይጠየቃል።

ልጄ አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል፤ የቀረው ቅሪት አላደገም፤ በየጊዜው ሽንቷ፣ አልትራሳውንዷ፣ ልቧና ጆሮዋ ይታያል። አልትራሳውንዱን ደብረ ብርሃን አሠርተን ውጤቱን ለአዲስ አበባ ሐኪሟ እንድንልክ ስለተስማማን የትራንስፖርቱና የማረፊያው ወጪ ቀንሶልናል። ከመራቤቴ፣ ከኤፍራታ ወይም ከእኛው መንዝ ለክትትል የሚመላለስ ቤተሰብ ይህን ራሱ ቢጠይቅ ሊፈቀድለት ይችላል። ለሕክምናው አዲስ አበባ መክረም ግድ ሲሆንም እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ፣ ካንሰር ያለባቸውን ልጆችና አስታማሚዎቻቸውን በማረፊያ የሚረዱ ድርጅቶች አሉ፤ ወደ እነርሱ ለመሄድ ከሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል።